ሆዱ አልላላ ያለው ተቆጣጣሪ

ተቆጣጣሪው ዕድሜውን ሙሉ የኖረው አንድ ነገር አምኖ ነው፤ ሰው ሁሉ ያጭበረብራል። የማያጭበረብር የሚመስል ካለ ገና አልተያዘም ማለት ነው። በከተማ አውቶቡስ ላይ ቲኬት መቆጣጠር ለሌላው ሰው ሥራ ነው፤ ለእሱ ግን ሃይማኖት ነበር። በኋላ በር ይገባል፣ በፊት በር ይወጣል፣ በመሃል ያለው ሕዝብ በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። እናት ልጇን አቅፋ ብትቆም የልጁን ዕድሜ ይጠይቃል። መነጽሩን የረሳ ሽማግሌ ቲኬቱን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ እጁን ዘርግቶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ፊቱን ያየ ሰው ለበዓል የተጠራ ይመስለዋል። ሾፌሮቹ «አቶ ውረድ» ነበር የሚሉት። እንዲህ እንደሚሉት ያውቅ ነበር፤ ይባስ ብሎ ይኮራበት ነበር።

ሐቁን ለመናገር ጉቦ አልበላም። ይህን ራሱም በየምክንያቱ፣ ያለምክንያቱም ይናገረዋል። ነገር ግን ጉቦ ያልበላ ሁሉ ደግ ሰው ነው ያለው ማን ነው? አንዳንዱ የማይቀበለው፣ ከተቀበለ ሰውየውን በሕዝብ ፊት የማዋረዱ ደስታ ስለሚቀርበት ነው። ጡረታ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሰዓት ሸለሙት። ሰዓቱን ወዲያውኑ ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰደው፤ የምር መሆኑን ለማረጋገጥ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን የሰው ሱሪና መጋረጃ ተቆልሏል። ከጡረታ በኋላ ተቆጣጣሪው የሚቆጣጠረው ሕዝብ ስላጣ እሷን ይቆጣጠር ጀመር። «ይህ ደንበኛ ለምን ሁለቴ መጣ?» «ይህን ክር ያህል ለአንድ ቁልፍ?» እሷ ትሰማዋለች፣ የመኪናውን ጎማ ታዞረዋለች፣ ድምፁ በመኪናው ድምፅ ውስጥ ይጠፋል። ይህንን ዘዴ ያገኘችው ገና በተጋቡ ሰሞን ነው።

እሷ በዚህ ዓለም ላይ ከምንም አስበልጣ የምትሳሳለት አንድ ሰው አላት፤ ታናሽ ወንድሟ። እናታቸው ስትሞት ገና ልጅ ነበር፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ደብተር ገዝታ ያሳደገችው እሷ ናት። አድጎ ለሳኝ ሆነ። ግድግዳ ይለስናል። እጁ እስከ ክርኑ ሲሚንቶ ነው፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ አለ፣ ሲስቅ አቧራው ይረግፋል። እህቱን «እትዬ»፣ ባሏን «ጋሼ» ይላል። ጋሼ ደግሞ አማቹን በሁለት ነገር ይጠረጥረው ነበር፤ አንደኛ ብዙ ይስቃል፣ ሁለተኛ ያለምክንያት ይስቃል።

የልብ ሕመም መጀመሪያ የጣለው ይህንን ሳቂታ ነው። ሥራ ላይ፣ መወጣጫው እንጨት ላይ ቆሞ ደረቱን አንድ ነገር ጨመደደው። በራሱ እግር ወርዶ አሸዋው ላይ ተቀመጠና አብረውት የሚሠሩትን «ግድግዳው እንዳይደርቅባችሁ፣ እናንተ ቀጥሉ» አላቸው። ከዚያ ወደቀ። እህቱ ሆስፒታል ስትደርስ እግሯ ሁለት ዓይነት ጫማ አጥልቆ ነበር። አባታቸው የሄዱት በዚሁ ነው፤ የአባታቸውም ወንድም በዚሁ። እና ያን ቀን የሐኪሙን አፍ አፍ ስታይ የነበረችው እንደ እህት ሳይሆን እንደ እናት ነው።

ተቆጣጣሪው የወደቀው ዓመት ሳይሞላ ነው። አወዳደቁም እንደ ሰውየው ነበር፤ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ ዳቦው ሚዛን ላይ ካልወጣ ብሎ ከሻጯ ጋር ሲጨቃጨቅ። ሻጯ ሚዛን ላይ አወጣችለት። ዳቦው እንዲያውም ትንሽ ይበልጥ ነበር። ምናልባት የጣለው እሱ ይሆናል። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ነገር «ዳቦውን ማን ወሰደው?» የሚል ነው።

ሁለቱም ዳኑ። ሁለቱም ወደ አንድ ክሊኒክ ይመላለሱ ጀመር፤ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ቀለሙ የተላላጠ አግዳሚ ወንበር፣ ጫፉ ላይ የክብደት ሚዛን። አንድ ቀን ሐኪሟ ልባቸው ታሞ የዳኑትን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ድካም ያለባት ግን ቁጡ ያልሆነች ሴት ናት፤ ሰው የሚገባው ቋንቋ ትናገራለች።

«የደም ሥራችሁ ውስጥ የተጋገረው ስብ ብቻውን አይደለም ችግሩ» አለች። «ግድግዳው ራሱ ይቆጣል፣ ያብጣል። ብግነት እንለዋለን። የተቆጣው ቦታ አንድ ቀን ይቀደድና ደሙ እዚያው ላይ ይረጋል፤ መንገዱ ይዘጋል። እናንተን የጣላችሁ እሱ ነው። አሁን ለሪህ የሚታዘዝ አንድ የቆየ መድኃኒት አለ፤ የመገጣጠሚያን ቁጣ የሚያበርድ። በትንሹ ሲወሰድ የደም ሥርንም ቁጣ ያበርድ ይሆናል ተብሎ ሌላ ቦታ ተሞክሯል። አንዳንዱ ጥናት ረድቷል ይላል፣ አንዳንዱ ለውጥ አላየሁም ይላል። እኛም በራሳችን በሽተኞች ላይ ማወቅ እንፈልጋለን።»

ከዚያ አሠራሩን ነገረቻቸው። ግማሾቹ መድኃኒቱ ያለበትን ኪኒን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነ፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበትን። የትኛው ለማን እንደደረሰ ማንም አያውቅም፤ በሽተኛውም፣ ነርሷም፣ እሷ ራሷም። የቀድሞ መድኃኒታቸውን ሁሉም እንደወትሮው ይቀጥላሉ። የማይፈልግ ሰው አሁኑኑ መሄድ ይችላል።

ለሳኙ እጁን አወጣ። «ዶክተር፣ ቁጣ ማብረድ ከሆነ፣ እኔ ለወገቤ የምውጠው ማስታገሻ አለ፤ እሱም እብጠት ያጠፋል ይላሉ። እሱን ብጨምርበትስ?»

«እንዳታደርገው! እሱ ሌላ ነው። እብጠት የሚያጠፋ ሁሉ ለልብ ጥሩ አይደለም፤ የዚያ ዓይነቱ ማስታገሻ እንዲያውም ልብን ሊጎዳ ይችላል። ወገብህን ሲያምህ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ።»

«እሺ» አለ ለሳኙ፣ እና አመነ። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ሲነግሩት ያምናል።

ተቆጣጣሪው ደግሞ እጁን ሳያወጣ ተናገረ። «እና ማን ነው የሚያውቀው?»

«እዚህ ካለነው ማንም።»

«ማንም!» ብሎ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን ጎሸማት። ፈገግታው እስከ ጆሮው ደረሰ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ግማሹ ቲኬት የለውም ተብሎ፣ ማን እንደሌለው ግን ማንም አያውቅም ሲባል ሰምቶ ዝም የሚል ተቆጣጣሪ ይኖራል? የሐኪሟ ዓላማ፣ የሰው ምኞት ነገሩን እንዳያጣምመው ዐይንን መሸፈን እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ማሰብ ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ማሰብ አይወድም፤ መያዝ ነው የሚወደው። ፈርሞ ገባ። እውነተኛው ኪኒን ለእሱ እንደሚደርሰው ጥርጥር አልነበረውም፤ በዚህ ዓለም ላይ ያልጠረጠረው ብቸኛ ነገር ይህ ነው።

ጥፋቱን ያመጣው የነርሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነጫጮቹን ብልቃጦች ስታድል «መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ሆድ ያላላል፣ ሲበረታ ንገሩኝ» አለች። ቀጥላም፣ ሆድ በሌላ ብዙ ነገር ሊላላ እንደሚችል፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ምንም የማይሰማው ሰው ደግሞ ብዙ እንደሆነ ተናገረች። ይህን ሁለተኛውን ተቆጣጣሪው አልሰማም። የሚፈልገውን ይዞ ጆሮውን ዘግቷል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእውነተኛው ኪኒን ቲኬት ተቅማጥ ሆነ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሆዱን እንደ እንግዳ ጠበቀው። ጠዋት ይነሳል፣ ኪኒኑን ይውጣል፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጁን እምብርቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ምንም። ሆዱ ዕድሜውን ሙሉ እንደ ሰዓት ነበር፤ አሁንም እንደ ሰዓት ነው። ሚስቱ ሱሪ እያጠፈች በዐይኗ ጠርዝ ታየዋለች።

«ምን እየጠበቅህ ነው?»

«ማረጋገጫ።»

«የምን?»

«ለአንቺ ብነግርሽ አይገባሽም።»

ገብቷታል። እየሳቀች ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ከዚያ ወንድሟን ለመጠየቅ አብረው ሄዱ። ለሳኙ የሚኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ የሌላውን ሰው ግድግዳ ሲለስን የራሱ ግማሹ ሳይለሰን ቀርቷል። እየተጨዋወቱ ሳለ ብድግ ብሎ ወጣ። ተመልሶ ተቀመጠ። ደግሞ ብድግ አለ።

«ምን ሆነሃል?» አለች እህቱ።

«ሆዴ ነው እትዬ። ይኸው ሰሞኑን እንዲህ ያደርገኛል። ምንም አይደል።»

ተቆጣጣሪው ክው አለ። ይህ ሳቂታ! ይህ፣ ሳይጠየቅ የሚያምን፣ ሳይገባው የሚስቅ ሰው፣ ሆዱ ላላ! መድኃኒቱ ለእሱ ደርሷል፣ መድኃኒት የሌለበት ዱቄቱ ደግሞ ለእኔ። አንድ ሕይወት ሙሉ ሳልታለል ኖሬ መጨረሻዬ ላይ ዱቄት አስዋጡኝ። እርር ድብን ብሎ ነው ቤት የገባው።

መድኃኒቱ ይጥቀም አይጥቀም ገና የሚያውቅ እንደሌለ ሐኪሟ በግልጽ ተናግራለች። ይህ ግን ለተቆጣጣሪው ጉዳዩ አልነበረም። ሰው ያገኘውን እሱ ካጣ ያ ነገር ይጠቅማል ማለት ነው፤ የሕክምና ዕውቀቱ ይኸው ነው።

በነጋታው ብቻውን ተመልሶ ሄደ። ኪሱ ውስጥ የራሱ ብልቃጥ አለ። ለሳኙ በጣም ደስ አለው፤ ጋሼ ብቻውን መጥቶ ጠይቆት አያውቅም። ሻይ ቀዳለት፣ ዳቦ ቆረሰለት፣ ትራስ አቀበለው። እሱ ራሱ አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ይዞ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ሲጋራውን ከተውኩ ወዲህ ወተት ይዤአለሁ» አለ። «ደረት ላይ ያለውን የሲሚንቶ አቧራ ያጥባል አሉኝ። ጋሼ፣ አንተም ብትጠጣ።»

ተቆጣጣሪው ወተቱን አላየውም። መስኮቱ ላይ፣ ከመለሰኛው ማንኪያ አጠገብ የተቀመጠውን ነጭ ብልቃጥ ነበር የሚያየው። ብዙ መጠበቅ አላስፈለገውም። ለሳኙ ኩባያውን ጨርሶ ትንሽ እንደቆየ ሆዱን ያዘ፣ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ በሩጫ ወደ ግቢው መጸዳጃ ቤት ወጣ።

ተቆጣጣሪው ተነሣ። የአማቹን ኪኒኖች መሐረቡ ላይ ዘረገፈ፤ የራሱን ባዶው ብልቃጥ ውስጥ ገለበጠ፤ መሐረቡ ላይ ያሉትን ወደ ራሱ ብልቃጥ መለሰ። ኪኒኖቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ብልቃጦቹም አልተለወጡ፤ ማንም አያውቅም። ከዚያ ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ። ሕሊናው ትንሽ አጉረመረመበት መሰለኝ፣ ምክንያቱም ለራሱ ሰበብ ፈለገ፤ ሰበብ ደግሞ አላጣም። ልጁ ወጣት ነው፣ ልቡ ይችለዋል። ይልቅ ይህ መድኃኒት ሆዱን እያሠቃየው ነው፣ ዱቄቱ ያሳርፈዋል። ውለታ ነው የዋልኩለት።

ለሳኙ ላቡን እየጠረገ ገባና «ብቻህን ተውኩህ፣ አይ እኔ!» አለ። ዳቦ ጨመረለት። ተቆጣጣሪው ዳቦውንም በላ።

እንግዲህ አሁን ሆዱ መላላት አለበት። ዛሬ ጠበቀ፣ ነገ ጠበቀ። ሆዱ አልላላም አለ። ሾርባ ጠጣ፣ ፍራፍሬ አበዛ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በባዶ ሆዱ ሞከረ። እንዲያውም ባሰበት፤ ጭራሽ ደረቀ። ተቅማጥ እንዲይዘው ስለት ሊሳል ምንም አልቀረውም። ሰፈር ውስጥ ቀስ እያለ፣ ሆዱን ይዞ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ሲሄድ ያዩት ጎረቤቶች «ሕመሙ ጠንቶበታል» እያሉ ከንፈር መጠጡለት።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ ከርሞ ስለ አማቹ ሚስቱን ጠየቀ። «የወንድምሽ ሆድ እንዴት ሆነለት?»

ሚስቱ በባሏ አሳቢነት ልቧ ተነካ። ምስኪን። «ምን እንደዚያው ነው እኮ። ነገ ሄጄ ላየው ነው።»

እንደዚያው! ተቆጣጣሪው ቀኑን ሙሉ ይህንን ቃል አመነዠከው። የእኔ ሆድ ደረቅ፣ የእሱ ሆድ ልል። ስለዚህ መድኃኒቱ አሁንም እዚያ ነው። እኔ አምጥቼው ነበር፤ እሱ ጋ ከተገኘ እንዴት ተመለሰ? መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ያ የዋህ መሳይ መጥቶ መልሶ ገልብጦታል! ባለፈው እሑድ ቤታችን መጥቶ አልነበረም? እጄን ልታጠብ ብሎ ወደ ጓዳ አልገባም? አያችሁ፣ የተቆጣጣሪ ጭንቅላት እንዲህ ነው የሚሠራው። ሌላ ሰው ቢሆን «ምናልባት ተሳስቼ ይሆን?» ይል ነበር። እሱ ግን ሌባ ያዘ።

በማግስቱ ሚስቱ ወንድሟ ቤት የመስኮቱን ስፋት በሜትር እየለካች ነበር፤ መጋረጃ ልትሰፋለት። በሩ ተበረገደ።

«ብልቃጡን አምጣ!» አለ ተቆጣጣሪው።

«ጋሼ፣ ደኅና ዋልክ፣ ግባ ተቀመጥ» አለ ለሳኙ።

«መቀመጥ አልፈልግም! መድኃኒቴን አምጣ! ዐይንህን በጨው ታጥበህ ቤቴ መጥተህ መልሰህ ገለበጥከው፣ አይደል? የማላውቅብህ መሰለህ?»

ለሳኙ አንዴ እሱን፣ አንዴ እህቱን አየ። «ምኑን ነው የገለበጥኩት?»

«ኪኒኑን! የእኔን ወስደህ የአንተን ዱቄት መልሰህ አስቀመጥክልኝ!»

ሚስቱ ሜትሩን ከመስኮቱ ላይ አወረደችና ቀስ እያለች ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

«ቆይ» አለች። «እሱ መልሶ ከገለበጠው፣ መጀመሪያ የገለበጠው ማን ነው?»

በሥራ ዘመኑ ስንቱን ሰው ያፋጠጠ ሰው አሁን ራሱ ተፋጠጠ። ሊስል ሞከረ። ሳሉም አልመጣለትም። ለሳኙ ነገሩ ቀስ እያለ ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው ይታይ ነበር። የሚገርመው ነገር አልተቆጣም።

«ብትነግረኝ እኮ እሰጥህ ነበር፣ ጋሼ» አለ።

እህቱ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ሁለቱንም ብልቃጥ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሁለቱንም ወንድ ከፊቷ አስቀድማ ወደ ክሊኒኩ ነዳቻቸው።

ነርሷ ሰምታ ሰምታ ራሷን ያዘች። ሐኪሟ አልጮኸችም፤ ቢጮኹበት ይሻለው ነበር። ሁለቱም ኪኒኑን አሁኑኑ ያቆማሉ አለች። ከእንግዲህ የሁለቱ ልብ ስለ መድኃኒቱ የሚናገረው ነገር አይታመንም፤ የሌላው ሰው ሁሉ ድካም ውስጥ ጭቃ ተጨምሮበታል። ሁለት ሰው ያልተመደበለትን ሲውጥ ስለከረመ ደግሞ ለደኅንነታቸው ሲባል የማን ምን እንደነበር ከዋናው ቢሮ ይጠየቃል። ደማቸው ተቀዳ። ነርሷ ለሳኙን ምን ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ጠየቀችውና ወተቱ ላይ ስትደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ወተቱን ተወው እስኪ።»

ተወው። ሆዱ ሦስት ቀን ሳይሞላው ዝም አለ። የተቆጣጣሪው ታላቅ ማስረጃ የላም ወተት ሆኖ ቀረ።

መልሱ ሲመጣ ሐኪሟ ሦስቱንም ጠራቻቸው። ደማቸው ጤነኛ ነው፤ ሁለቱም አልተጎዱም። ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞረች።

«መድኃኒቱ የደረሰዎት ለእርስዎ ነበር፣ አባት። መድኃኒት የሌለበቱ የእሱ ነው።»

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ለሳኙ ሳቁ አመለጠው፤ ሰው እስኪያይ ድረስ ሳቀ፣ ቅንድቡ ላይ ያለው አቧራ ረገፈ። ተቆጣጣሪው የራሱን መድኃኒት በገዛ እጁ ሰጥቶ፣ ዱቄት ሰርቆ፣ ሁለት ሳምንት በዱቄት ተቅማጥ ሲጠብቅ ከርሟል። ከዚህ በላይ ሰው ራሱን ማታለል የሚችል አይመስለኝም።

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይከርም ነበር። ተቆጣጣሪው ግን ከክሊኒኩ በር ሳይርቅ ሌላ ነገር ታየው። መድኃኒቱን ለአማቹ የሰጠው እሱ አይደለም እንዴ? ነው! ልጁ ባዶ ኪኒን ሲውጥ እንዲኖር ተፈርዶበት ነበር፤ እውነተኛውን ከአፉ ነጥቆ ያጎረሰው ማን ነው? መንገድ ላይ ደረቱ ትንሽ ወጣ። ጡረተኞቹ የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ሲደርስ ታሪኩ ጨርሶ ተለሰነ። «ለአማቼ ስል የራሴን መድኃኒት ሰጠሁ» አለ። ጡረተኞቹ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» አሉ። ሁለተኛ ሻይ ጋበዙት። ሲመሽ ጨርሶ አምኖታል።

ቤት ሲገባ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ነው። ሚስቱ የወንድሟን መጋረጃ ጠርዙን ትሰፋለች። ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሲታሰብ እኮ» አለ፣ «ወንድምሽ ሊያመሰግነኝ ይገባል።»

ጎማውን አላዞረችም። እጇን አወረደችና ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን አቋርጣ አየችው።

«ለምን?»

«እንዴት ለምን? መድኃኒቱን የሰጠሁት እኔ አይደለሁም?»

«አንተ የሰጠኸው ዱቄት ነው።»

«ዱቄት አልነበረም! ሐኪሟ ስትናገር አልሰማሽም? ዱቄቱ የእሱ ነው፣ የእኔ መድኃኒት ነው!»

«ሐኪሟ የተናገረችው ዛሬ ነው። አንተ የሰጠኸው ያን ቀን ነው። ያን ቀን እጅህ ውስጥ የነበረው ምን መስሎህ ነበር?»

ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

«ንገረኝ እንጂ። ምን መስሎህ ነበር?»

«እሱ… ወጣት ነው፣ ልቡ ይችላል ብዬ…»

«ይችላል ብለህ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «አባቴ በዚህ ሞተ። አጎቴ በዚህ ሞተ። እሱን በጀርባዬ አዝዬ ነው ያሳደግኩት። የወንድሜን የመዳኛ ዕድል ነው ብለህ ያመንክበትን ነገር ከቤቱ ሰርቀህ፣ መሞቻው ቢሆንስ ሳትል ዱቄት ነው ብለህ ያመንከውን አስቀመጥክለት። ከዚያ ዳቦውን በላህ። በአጋጣሚ ተሳሳትክ። ተሳስተህ ባይሆን ኖሮ ዛሬ ምን ብለህ ትነግረኝ ነበር?»

ተቆጣጣሪው ግድግዳውን አየ፣ የተቆለለውን ልብስ አየ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ሄደ።

«ደረቴን አመመኝ» አለ።

ተነሥታ አጠገቡ መጣች። ግንባሩን በመዳፏ ነካች፤ ላብ የለም። ከንፈሩን አየች፣ ትንፋሹን አዳመጠች፤ ያን ቀን ከዳቦ ቤቱ ስታስወስደው እንዴት እንደነበር አሳምራ ታውቃለች። ደኅና ነው። ተመልሳ ተቀመጠች፣ መጋረጃውን መርፌው ሥር አስተካከለች።

«ወንድሜንም ያመዋል» አለችው፣ እና ጎማውን አዞረችው።